የታዳጊዎቻችንን ድባቴ አንናቅ፣ አንደብቅ

ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች፣ ለመምህራን፣ ለእድርተኞችና ለጎረቤቶች ሁሉ የቀረበ ማሳሰቢያ

ልጆቻችን ስለ አእምሮ ሕመም የመጀመሪያውን ትምህርት የሚቀስሙት ከእኛው አፍ ነው። መንገድ ላይ ብቻውን እያወራ የሚያልፍ ሰው ሲገጥመን ምን እንደምንል ይሰማሉ። የጎረቤት ልጅ ታማ ትምህርት ስታቋርጥ ቡና ላይ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንባባለውን ይሰማሉ። የአእምሮ ሆስፒታሉን ስም ጠርተን “ይሄስ አማኑኤል ነው መግባት ያለበት” ብለን ስንሳሳቅ ይሰማሉ። ከዓመታት በኋላ የገዛ ልባቸው ሲከብድባቸው ያን ሁሉ ያስታውሱና “እኔንም እንደዚያ ሊሉኝ ነው” ብለው ዝም ይላሉ። ልጁ ሕመሙን ይንገረን ወይስ ይደብቀን የሚለው ነገር የሚወሰነው ከመታመሙ በፊት፣ ስለ ሌላ ሰው ሕመም ስናወራ ነው።

ይህ ማሳሰቢያ ማንንም ለመውቀስ አልተጻፈም። “ጠንከር በል” የሚል አባትም፣ “ጸልዪ፣ ያልፋል” የምትል እናትም፣ ውጤት ሲወርድ የሚቆጣ መምህርም ለልጁ ክፉ አይመኙም። መልካም ሐሳባችን ለልጁ የሚደርስለት ግን ሕመሙን ስናውቅና ስለ ሕመምተኛ የምንናገርበትን መንገድ ስናስተካክል ነው። የአንዱ ቤት ልጅ የሁላችንም ልጅ ነውና ከዚህ በታች በተዘረዘሩት ላይ በየቤታችን፣ በየትምህርት ቤታችንና በየሰፈራችን እንድንነጋገር አደራ እንላለን።

በቅድሚያ ይህን እንወቅ

ድባቴ፣ ብዙዎቻችን ድብርት የምንለው፣ ሕመም ነው። ስንፍና፣ ቅብጠት ወይም የእምነት ማነስ አይደለም። ከጓደኛ ሲጣሉ፣ ውጤት ሲበላሽ፣ የሚወዱት ሰው ሲሞት ማዘን የጤነኛ ሰው ባሕርይ ነው። ድባቴ የሚባለው ግን ኀዘኑ፣ ብስጭቱ ወይም የፍላጎት መጥፋቱ አብዛኛውን ቀን እየዋለ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ፣ የልጁንም እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትምህርትና ከሰው ጋር ያለውን ኑሮ ሲያናጋ ነው።

ነገሩ የጥቂት ቤቶች ጉዳይም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ልጆች አንዱ ከሆነ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር ጋር ይኖራል። 56 ተማሪዎች በሚማሩበት ክፍል ቢሰላ ስምንት ልጆች ማለት ነው።

በታዳጊ ላይ ድባቴ ሁልጊዜ በእንባ አይገለጥም። ብዙ ጊዜ የሚታየው በቁጣ ነው፤ በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫል፣ መልስ ይመልሳል፣ በር ዘግቶ ይቀመጣል። አንዳንዱ ራስ ምታትና ሆድ ቁርጠት እያለ ክሊኒክ ይመላለሳል፤ ምርመራው ግን ምንም አያሳይም። ኳስ ይወድ የነበረው ሜዳ መውጣቱን ይተዋል። አንደኛ ትወጣ የነበረችው ደብተሯን ከፍታ አንዱን ገጽ ለአንድ ሰዓት ታያለች።

የልጅቷ ምሳ ዕቃ ከትምህርት ቤት ሳይነካ ሲመለስ እናት መጀመሪያ ወጡን ትቀይራለች፤ ሽሮው ሰልችቷት ይሆናል ብላ እንቁላል ታደርግላታለች። እሱም እንዳለ ሲመለስ “ተሞላቀቀች” ትላለች። ነገሩ በሁለተኛው ሳምንትም ከቀጠለ ግን ጥያቄው ስለ ወጡ መሆኑ ቀርቶ ስለ ልጅቷ መሆን አለበት። ክዳኑ ሳይከፈት የሚመለስ ምሳ ዕቃ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከብርድ ልብስ ሥር የሚታይ የስልክ ብርሃን፣ በሙቀትም የማይወልቅ እጅጌው ረጅም ሹራብ፣ እነዚህ ሁሉ ሊጠየቅባቸው የሚገቡ ምልክቶች ናቸው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በቤተሰብ ውስጥ የነበረ ተመሳሳይ ሕመም፣ የወላጅ ሞት ወይም ፍቺ፣ ድብደባ፣ ፆታዊ ጥቃት፣ በእኩዮች መሰደብና መገለል፣ ችግርና ረኃብ፣ ባለፉት ዓመታት በብዙ አካባቢዎቻችን የደረሰው ጦርነትና መፈናቀል ድርሻ አላቸው። ምንም ግልጽ ምክንያት ሳይኖርም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ “ምን ጎድሎበት ነው?” የሚለው ጥያቄ ወደ መፍትሔ አያደርሰንም።

ዋናው የምሥራች ግን ድባቴ የሚታከም መሆኑ ነው። በባለሙያ የሚሰጥ የምክር ሕክምና አለ፤ ሲያስፈልግም መድኃኒት አለ። ብዙ ልጆች ታክመው ወደ ትምህርታቸውና ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። የሚያዘገያቸው አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ሐፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ በቡታጅራ አካባቢ የተደረገ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በቤታቸው የሚገኝ ቤተሰቦችን ጠይቆ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ያህል በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሕመሙን መደበቅ እንደሚፈልጉ ገለጹ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን የምንተርት ሰዎች፣ ጎረቤቶቻችንን እንዲደብቁ የምናስገድደውም እኛው ነን።

በቤታችን

እናድርግ፦

• ልጃችንን ለብቻው እንጠይቅ፤ በእህት በወንድሙ ፊት የተጠየቀ ልጅ “ደህና ነኝ” ብሎ ያልፋል።

• አብረን እየሠራን እናውራ፤ ሽንኩርት ሲከተፍ ወይም መንገድ ስንሄድ ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ለታዳጊ መናገሩ ይቀለዋል።

• ያየነውን በግልጽ እንናገር፤ “ሜዳ ከወጣህ ሁለት ሳምንት ሆኖሃል፣ ማታም አትተኛም፣ አሳስበኸኛል” የተባለ ልጅ እንደተወቀሰ ሳይሆን እንደታሰበለት ይሰማዋል።

• መጀመሪያ እናዳምጥ፣ ምክሩን እናቆየው፤ ከአንደኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ የተመከረ ልጅ ሁለተኛውን አይናገርም።

• “ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል፣ አብረን እናየዋለን” እንበል፤ ለመናገር የደፈረች ልጅ መጀመሪያ የምትፈልገው ብቻዋን አለመሆኗን ማወቅ ነው።

• አባቶችም እንጠይቅ፤ ጉዳዩ ለእናት ብቻ ሲተው ወንዶች ልጆች ስሜታቸው ለወንድ የማይነገር ነገር ይመስላቸዋል።

• የሴቶች ልጆቻችንን የቤት ሥራ እንካፈል፤ ከትምህርት ቤት መጥታ እስከ ማታ ማድ ቤት የምትቆይ ልጅ ለማጥናትም፣ ለማረፍም፣ ለመናገርም ጊዜ የላትም።

• የእንቅልፍና የምግብ ሰዓት እናስከብር፤ ለደከመው ልጅ የቀኑ ሥርዓት ድጋፍ ይሆነዋል።

አናድርግ፦

• “እኛ በእናንተ ዕድሜ በባዶ እግራችን እየሄድን ተምረናል” አንበል፤ በሕመሙ ላይ የውለታ ቢስነት ስሜት ይጨመርበታል።

• ከእህቱ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር አናወዳድር፤ ራሱን እንደማይረባ መቁጠር የሕመሙ አንዱ ምልክት ስለሆነ እኛ እናጸናለታለን።

• “ወንድ ልጅ አያለቅስም” አንበል፤ እንባ የተከለከለ ልጅ ወደ መጠጥ፣ ወደ ጫት ወይም ወደ ጠብ ይሄዳል።

• ለእንግዳ “ይቺ ልጅ ምን እንደነካት እንጃ” ብለን አናጋልጥ፤ በእንግዳ ፊት የተዋረደች ልጅ ሁለተኛ ለእኛ አትናገርም።

• አንምታ፤ ዱላ ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያድነውም።

• ስልኩን በጉልበት አንንጠቅ፤ በሌሊት የሚያናግረው ብቸኛ ሰው በዚያ ስልክ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ተስማምተን ሰዓት መወሰን ይሻላል።

• ሲሻለው “አየህ፣ ምንም አልነበረም” አንበል፤ ሕመሙ ቢመለስ በድጋሚ ለመናገር ያፍራል።

በትምህርት ቤታችን

በትምህርት ቤት በኩል ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው የፈተና ወቅት ነው። ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ ለሚሆኑት አሥራ ሁለት ዓመት የተማሩት ነገር በአንድ ቀን “አልበቃም” ተብሏል ማለት ነው። ይህን ያህል ልጆች ባላለፉበት ፈተና ያላለፈውን ልጅ ብቻውን ሰነፍ ማድረግ ፍትሕ አይደለም። በሬሜዲያል ፕሮግራም፣ በቴክኒክና ሙያ፣ በድጋሚ ፈተናም ሆነ በሥራ የሚቀጥል መንገድ እንዳለ ከውጤቱ ቀን በፊት ልንነግራቸው ይገባል።

እናድርግ፦

• ውጤት በሚወጣበት ቀን ልጃችን አጠገብ እንሁን፤ በስልኩ ላይ ብቻውን ያየው ውጤት በብቸኝነት ይገዝፋል።

• መምህራን በድንገት የተቀየረ ተማሪን ወደ ጎን ወስደን እንጠይቅ፤ በየቀኑ የሚያየው መምህር ለውጡን ከወላጅ ቀድሞ ሊያስተውል ይችላል።

• የምክር አገልግሎት ክፍሉን ከዲሲፕሊን ቢሮ እንለይ፤ ሁለቱ በአንድ በር ከሆኑ ወደዚያ የሚገባው ተማሪ ጥፋተኛ ይመስላል።

• በሚኒ ሚዲያው ስለ አእምሮ ጤና እናውራ፤ ተማሪዎች ከእኩያቸው አንደበት የሰሙትን በቀላሉ ይቀበሉታል።

• ታሞ የቀረ ልጅ ሲመለስ ያለፈውን ትምህርት እንዲያሟላ ጊዜ እንስጠው፤ ያመለጠው ክምር እንደገና እንዳያስቀረው።

አናድርግ፦

• ውጤትን በስም እየጠራን በክፍል ፊት አንዘልፍ፤ የተሳቀበት ልጅ ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤቱን ይሸሻል።

• ዝም ያለ ተማሪን “ጨዋ ነው” ብለን አንለፍ፤ የማይረብሽ ልጅ ሁሉ ደህና አይደለም።

• ተማሪ የነገረንን ነገር በመምህራን ማረፊያ ክፍል አናውራ፤ ወሬው በሳምንቱ ግቢው ውስጥ ይደርሳል፤ ለሌሎችም ተማሪዎች “አትናገሩ” የሚል ትምህርት ይሆናል።

• ስድብና ማግለልን “የልጆች ጨዋታ ነው” አንበል፤ ለሚሰደበው ጨዋታ አይደለም።

በሰፈራችን፣ በእድራችንና በቡናችን ላይ

እናድርግ፦

• ልጅ የታመመበትን ቤት ሌላ በሽታ እንደገባበት ቤት እንጠይቅ፤ ለወባና ለቀዶ ሕክምና ብርቱካን ይዘን የምንሄድ ሰዎች ለዚህ ሕመም ስንቀር ቤተሰቡ እንደተፈረደበት ይገባዋል።

• ሠርተን እንርዳ፤ ገበያ መሄድ፣ ታናናሾቹን ማቆየት፣ ለክትትል አብሮ መሄድ የደከመችውን እናት ያሳርፋታል።

• በእድር ስብሰባ ላይ ለግማሽ ሰዓት የጤና ባለሙያ ጋብዘን እንስማ፤ ለቀብር የምንሰበሰብ ሰዎች ልጆቻችን በሕይወት እንዲቆዩም መሰብሰብ እንችላለን።

• ታክሞ የተሻለውን ወጣት በሥራና በማኅበር እንቀበል፤ ሌላው ታዳጊ መታከም እንደማያዋርድ የሚያምነው በዓይኑ ሲያይ ነው።

አናድርግ፦

• “እብድ”፣ “የቀወሰ”፣ “ነካ ያደርገዋል” የሚሉትን ቃላት ለቀልድም አንጠቀም፤ በጓዳ የሚሰማን ልጅ ስለ ራሱ እንደተነገረ ይቆጥረዋል።

• የአማኑኤልን ስም መሳደቢያ አናድርግ፤ ለረጅም ዘመን በሀገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስንት ሺህ ሰው ያከመ ቤት ነው፤ ስሙን ስናረክስ በሩን በሕመምተኛው ላይ እንዘጋለን።

• ቤተሰቡን “ዘራቸው ነው”፣ “የእጃቸውን ነው ያገኙት” አንበል፤ እንዲህ ያለ ወሬ የታመመችውን ልጅ እህት ጋብቻ ሳይቀር ያሰናክላል፤ ሌሎች ወላጆችም ልጃቸውን እንዲደብቁ ያደርጋል።

• ቡና ላይ የሰማነውን አናዛምት፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ ለልጅቷ የሚነግራት የክፍል ጓደኛዋ ይሆናል።

በእምነት ቦታችን

ብዙዎቻችን ልብ ሲጨንቀን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ጸበል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ነው። ይህ ለልጁ ተስፋና ወገን ይሆነዋልና የሚነቀፍ አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጸሎቱ ሕክምናውን አይከልክል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል መድኃኒታቸውን ለማቋረጥ ያሰቡ ብዙ ሰዎችን የሚያጽናና ነበር። ለአእምሮ ሕመምም ይኸው መንገድ ይሠራል።

እናድርግ፦

• የንስሐ አባቶች፣ ኢማሞችና ፓስተሮች ልጁን ባርከን “ሐኪምም ይይህ” እንበለው፤ ከእኛ አፍ የወጣ ፈቃድ ቤተሰቡን ከጥርጣሬ ያወጣዋል።

• መድኃኒት የጀመረ ልጅ ጸበልም ሆነ ቁርኣን የሚቀራበት ሩቅያ ላይ ሳለ መድኃኒቱን እንዲቀጥል እንርዳው፤ በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ሊመልስ ይችላል።

• ስለ ጾምና ስለ መድኃኒት ሰዓት ከሐኪሙም ከሃይማኖት አባቱም ጋር እንነጋገር፤ ልጁ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ እንዳይገደድ።

አናድርግ፦

• “እምነትህ ስላነሰ ነው” አንበል፤ በጥፋተኝነት ስሜት የሚሠቃይ ልጅ ሌላ ጥፋት አይጫንበት።

• ማሰርና መግረፍን አንፍቀድ፤ ሰውነት ላይ የሚደርሰው ጉዳትና ውርደቱ ከሕመሙ በኋላም ይቆያል።

• “መተት ነው”፣ “ዓይነ ጥላ ነው” እያልን ጎረቤት አንጠርጥር፤ ልጁ ሳይታከም ሁለት ቤት ይጣላል።

በስልካችን

እናድርግ፦

• ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ልጆቻችን ምን እንደሚያዩ አብረን እንይ፤ የሚያስጨንቃቸውን ከእነሱ መስማት በድብቅ ከመሰለል ይሻላል።

• የሚያሳስብ ነገር የጻፈን ታዳጊ በውስጥ መስመር እናናግር፤ በአደባባይ የተጻፈ ጭንቀት ብዙ ጊዜ የእርዳታ ጥሪ ነው።

አናድርግ፦

• የታመመ ሰው ሲጮኽ ወይም ሲወድቅ የተቀረጸ ቪዲዮ አናጋራ፤ ያ ሰው ነገ ሲሻለው ሰፈሩ ሁሉ አይቶት ያገኘዋል።

• በራሱ እጅ ያለፈ ልጅ የሞተበትን መንገድ አንዘርዝር፣ ፎቶም አንለጥፍ፤ ዝርዝሩ በጭንቀት ላይ ያለን ሌላ ልጅ ሊገፋ ይችላል።

• በኢንተርኔት ባገኘነው ጥያቄ ብቻ ልጃችንን “ድባቴ አለብህ” አንበል፤ መጠይቅ ወደ ባለሙያ ይመራል እንጂ ባለሙያን አይተካም።

ወደ ሕክምና ስንሄድ

አማኑኤል ብቻ ነው ያለው የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ያስቀራል። ዛሬ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስና በዘውዲቱ ሆስፒታሎች፣ በክልሎችም በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐዋሳና በመቀሌው ዓይደር ሪፈራል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የመጀመሪያውን ምርመራ ያደርጋሉ። ስለዚህ የሚቀርበን ጤና ጣቢያ ሄዶ “ስለ ልጄ አእምሮ ጤና ነው የመጣሁት” ብሎ መጠየቅ ጥሩ ጅማሬ ነው።

እናድርግ፦

• የጀመረበትን ጊዜና የተቀየረውን ነገር ጽፈን እንሂድ፤ ሐኪሙ በአጭር ጊዜ ብዙ እንዲረዳ ያግዘዋል።

• ልጁ ከባለሙያው ጋር ለብቻው የሚያወራበት ጊዜ እንስጠው፤ በእኛ ፊት የማይነገር ነገር ሊኖር ይችላል።

• መድኃኒት ከታዘዘ በትዕግሥት እንጠብቅ፤ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ለውጥ ለማሳየት ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋሉ።

• በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁን በቅርብ እንከታተል፤ አንዳንድ ወጣቶች በዚያ ወቅት እረፍት ሊያጡ ወይም የሞት ሐሳብ ሊበረታባቸው ስለሚችል ወዲያው ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

• የክትትል ቀን እናክብር፤ የተሻለው ልጅ ቀጠሮ ሲያቋርጥ ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል።

አናድርግ፦

• “ሱስ ያስይዛል” በሚል ወሬ መድኃኒቱን አናቋርጥ፤ የድባቴ መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም፤ መተው ሲያስፈልግም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

• የሌላ ሰው መድኃኒት አንስጥ፤ ለአዋቂ የታዘዘ ለልጅ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

• በውጭ ሀገር የምንኖር ወላጆች ልጃችንን በራሱ ቀጠሮ አስተርጓሚ አናድርግ፤ ለእናቱ የሚያስተረጉም ልጅ የሚያስደነግጣትን ነገር ቀንሶ ይናገራል፤ ከዚያ ይልቅ አስተርጓሚ እንጠይቅ።

ልጅ ስለ ሞት ሲናገር

“ብሞት ይሻላል”፣ “እኔ ባልኖር ሁላችሁም ታርፋላችሁ”፣ “ከዚህ በኋላ አላስቸግራችሁም” የሚሉ ቃላት፣ የሚወዱትን ዕቃ ማደል፣ ያለ ምክንያት መሰነባበት በዋዛ የሚታለፉ አይደሉም።

እናድርግ፦

• በቀጥታ እንጠይቅ፤ “ራስህን ስለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?” ማለት ሐሳቡን አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል።

• ብቻውን አንተወው፤ አደገኛው ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚያልፍ ነውና በዚያ ሰዓት ሰው አጠገቡ መኖሩ ነፍስ ያድናል።

• በቤታችን ያለን መድኃኒት፣ የእርሻ ኬሚካልና የጦር መሣሪያ በቁልፍ እናስቀምጥ፤ በቀላሉ የማይገኝ ነገር ለልጁ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል።

• በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንውሰደው፤ አምቡላንስ ካስፈለገ በቀይ መስቀል 907 እንደውል፤ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን 988 ደውለው በአስተርጓሚ ማነጋገር ይችላሉ።

አናድርግ፦

• “ትኩረት ፈልጎ ነው” አንበል፤ በእርግጥም ትኩረት የሚያስፈልገው ሰዓት ነው።

• “ይህ ኃጢአት እንደሆነ አታውቅም?” ብለን አንጀምር፤ የፈራ ልጅ ሐሳቡን ይደብቃል እንጂ አይተወውም።

• ምሥጢር ለመጠበቅ ቃል አንግባ፤ የልጁ ሕይወት ከምሥጢሩ ይበልጣልና “ለሚረዳን ሰው መናገር አለብኝ” እንበለው።

• ሞክሮ የተረፈን ልጅ አናሳፍር፤ ከሆስፒታል ሲወጣ የሚጠብቀው ስድብ ከሆነ አደጋው ይበረታል።

ለእናንተ ለታዳጊዎቻችን

• ለአንድ የምታምኑት ትልቅ ሰው ተናገሩ፤ የመጀመሪያው ሰው ካልሰማችሁ ለሁለተኛው፣ ለአክስት፣ ለመምህር፣ ለጤና ባለሙያ ተናገሩ፤ የአንድ ሰው አለመስማት የሁሉም አይደለም።

• ጓደኛችሁ ስለ ሞት ካወራ ምሥጢሩን ብቻችሁን አትያዙ፤ ለትልቅ ሰው መንገር ክህደት ሳይሆን ማዳን ነው።

• ጭንቀትን በጫት፣ በሺሻና በመጠጥ አታስታግሱ፤ እንቅልፍን ያዛቡና ድባቴውን ያብሱታል።

• በታከመ ጓደኛችሁ ላይ አታላግጡ፤ ነገ ራሳችሁ እርዳታ ብትፈልጉ ያ ሣቅ መንገዳችሁን ይዘጋል።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አንፈጽመውም፤ ሦስት ነገሮችን ግን ዛሬውኑ መጀመር እንችላለን። እያንዳንዱ ወላጅ በዚህ ሳምንት ልጁን ለብቻው አግኝቶ “ልብህ እንዴት ነው?” ብሎ ይጠይቅና እስኪጨርስ ድረስ ያዳምጠው። እያንዳንዱ እድርና የወላጅ መምህር ኅብረት በሚቀጥለው ስብሰባው ላይ የአእምሮ ጤናን አንድ አጀንዳ ያድርግ፤ መስከረም 30 አካባቢ የሚውለው የዓለም የአእምሮ ጤና ቀንም በየትምህርት ቤቱ ይታሰብ። እያንዳንዳችንም “እብድ” የሚለውን ስድብ ከአፋችን እናስወግድ፤ ሌላው ሲለውም በትሕትና እናርመው።

ልጆቻችን እየሰሙን ነው። ስለ ታመመው ጎረቤት ዛሬ በርኅራኄ ካወራን፣ ነገ ልባቸው ሲከብድባቸው ወደ እኛ መምጣት እንደሚቻል ያውቃሉ። ያኔ ገና በጠዋቱ ሕክምና እናገኝላቸዋለን። በርኅራኄ ማውራት ገንዘብም ሥልጣንም አይጠይቅም፤ የሁላችንንም አንደበት ብቻ ይጠይቃል።